ዲሹን ያዞርኩት እኔ ነኝ

ጥር 20

ከፋብሪካ ስመለስ ጎይቶም ስልክ ቤት ጎራ አልኩ። ፍላሽ የምታክል ነገር ሸጠልኝ። በአንድ ጎኗ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች፣ በሌላው የዲሽ ገመድ ይገባባታል። ላፕቶፑ ቲቪ ይሆናል! ወርሃዊ ክፍያ የለ፣ ካርድ የለ፣ ኢንተርኔት የለ። "በነጻ የሚለቀቀውን ሁሉ ትይዛለች" አለኝ።

ዲሽ ግን የለኝም። አከራዬን ኣደይ ኣስካልን ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

"የኔ ዲሽ ሁለት መውጫ አለው፣ አንዱ ሥራ ፈት ነው። ገመድ ሳቢ፣ ጓለይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ገመዱን የሳበልኝ ጠሃ ነው። ከጎኔ ያለው ክፍል ተከራይ፣ ልስን ሠራተኛ፣ እንደኔው ወሎዬ። ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ በመስኮቴ አስገባልኝ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ሰባ ምናምን ቻናል... ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ።

ጥር 23

ዜና፣ ድራማ፣ ኳስ... ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። እራት ረሳሁ።

ጥር 26

ጅዳ ሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮስኩ ከማዳም ጋር የማየው ዓይነት የዐረብ ድራማ አማረኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያየሁት... ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ጎይቶምን ጠየቅኩ።

"እሱ ሌላ ሳተላይት ነው። ዲሹ ወደ ምዕራብ መዞር አለበት።"

"ትንሽ?"

"ኧረ ብዙ! ደግሞ የሰው ዲሽ እንዳትነኪ።"

አልነካም አልኩ።

የካቲት 1

ነካሁ።

ኣደይ ትናንት ውቅሮ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። እኛ ፋብሪካ ዛሬ ግማሽ ቀን ነው የሠራነው። ግቢው ጭር ብሏል። ጠሃን መፍቻ አውሰኝ አልኩት።

"ለምን ፈለግሽው?"

"ለአልጋዬ። ቡሎኑ ላልቷል።"

ለምን ዋሸሁ? "ተይ" እንዳይለኝ... ሌላ ምን ይሆናል? መፍቻውን ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ወጣ።

ላፕቶፑን ከነገመዱ ይዤ ቆርቆሮ ላይ ወጣሁ። ቡሎኑን ፈትቼ ትንሽ አዞራለሁ፣ ስክሪኑን አያለሁ፣ እንደገና አዞራለሁ። በመጨረሻ መጣ! አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁ። ማዳም ትወደው የነበረው ተዋናይ አርጅቷል።

መመለሱ ግን... እንዴት እንደነበረ ምልክት አላደረግኩበትም። ወደ ቀኝ ባደርገው የለም። ወደ ግራ የለም። ከፍ፣ ዝቅ... የለም። የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ኣደይ ናቸው። ቡሎኑን በእጄ አጠባብቄ ወረድኩ።

የካቲት 2፣ እሑድ

ኣደይ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል። እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚከታተሉት በቲቪ ነው። በጠዋት ጠሩኝ።

"አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፣ እስቲ እዪልኝ። ሲግናል የለም ይላል።"

ሪሞቱን ተቀብዬ ጫን ጫን አደረግኩ። የማላውቅ መስዬ! "ነፋስ ይሆናል ኣደይ" አልኩ።

ከሰዓታት በኋላ በበራቸው ሳልፍ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ቅዳሴውን በቃላቸው እያዜሙ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ... ዞር ሳይሉ ሮጥኩ።

የካቲት 4

ምነው ዛሬን ባልዋልኩ።

ዲሽ ሠሪው መጥቶ አስተካከለው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ከወረደ በኋላ ግን "ነፋስ አይደለም ኣደይ" አላቸው። "ቡሎኑ በመፍቻ ተፈትቷል። ሰሞኑን የዲሽ ጭንቅላት እየፈቱ የሚሰርቁ አሉ። አንድ ሰው ጀምሮት ትቶታል።"

ጠሃ ከሥራ ሲገባ ኣደይ በክራንቻቸው ግቢው መሐል ቆመው ጠበቁት። ተከራዩ ሁሉ ወጥቷል።

"ልትሰርቀኝ ነበር?"

"እኔ? ምኑን ኣደይ?"

"መፍቻ ያለው አንተ። ቆርቆሮ ላይ የወጣኸው አንተ!"

"የወጣሁትማ የዓፊፋን ገመድ ልስብ ነው።"

"ሌባ! እንደ ልጄ አምኜ..."

ጠሃ ወደኔ ዞረ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። አየኝ። መፍቻውን የሰጠኝ ራሱ ነው። ያውቃል። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አንድ ቃል! ሳፋው ውስጥ ያለውን አረፋ አየሁ። ቀና ስል ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቷል።

የካቲት 5

ቲቪው ይሠራል። የእኔም ይሠራል መሰለኝ... አልከፈትኩትም።

የካቲት 7

ጠሃ ወጣ። ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ዕቃውን በማዳበሪያ አስሮ። ማንም አልሸኘውም። በሩ ላይ ደረስኩበት።

"ጠሃ..."

ጠበቀኝ። ብዙ ጠበቀኝ። ዓይኔን ማዳበሪያው ላይ ተከልኩ።

"አብሽሪ" ብሎኝ ሄደ።

አብሽሪ! እሱ እኔን ያጽናናል?

የካቲት 9

ኣደይ ምሳ ጠሩኝ። ከሳቸው ጋር ቲቪ እያየን "ያ ሌባ ከሄደ እንቅልፍ ወሰደኝ" አሉ። "እሺ" አልኩ። እሺ ይባላል? ሰው እንዴት እሺ ይላል? ስግደት ላይ እንኳ ፊቱ ይመጣብኛል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። በዚህ ፊት ነው የምጾመው?

የካቲት 14

ነገርኳቸው። ከሥራ መጥቼ ሳልቀመጥ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ።

"ኣደይ፣ ዲሹን ያዞርኩት እኔ ነኝ።"

ያልሰሙኝ መሰለኝ። ደገምኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ድራማውን፣ መፍቻውን፣ ነፋስ ነው ያልኩትን። ውጪ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሉኝ ይሻል ነበር።

"እዋእ..." አሉ። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጫኑ። "በሰው ሁሉ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ እኮ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው ኣደይ።"

"የተናገረው አፍ የኔ ነው! አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔ ሳልጠይቅ ፈረድኩ።" አለቀሱ። በኔ ምክንያት አሮጊት አለቀሰች። "የት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?"

የካቲት 15

የሚሠራው እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ነው፣ ፎቅ እየተሠራ ያለበት። ኣደይ እኔው ብቻዬን ልሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። በባጃጅ ወሰድኳቸው። ክራንቻቸው አሸዋው ላይ እየሰመጠ ሄዱ። ጠሃ መወጣጫው ላይ ነበር። ሳይወርድ ጀመሩ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

"ጠሃ ልጄ! ሌባ ያልኩህ በሐሰት ነው። ሰው እየሰማ ሰደብኩህ፣ ሰው እየሰማ ይቅር በለኝ!"

እኔስ? እኔ ባጃጁ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ "አትወርጂም?" እስኪለኝ ድረስ። ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

ወረድኩ። ጠሃ ወርዶ፣ ሊንበረከኩ ሲሉ ጉልበታቸው መሬት ሳይነካ ያዛቸው፣ "ኧረ ኣደይ፣ ኧረ በአላህ" እያለ። እኔም ቀረብኩ።

"ይቅር በለኝ ጠሃ።"

"ይቅር ብያለሁ።" እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ይልጣል። "ሦስት ቀን ጠብቄሽ ነበር። ትናገራለች፣ ዛሬ ትናገራለች እያልኩ... ሴት ናት፣ ክፍል ብታጣ የት ትገባለች ብዬ እኔ አልተናገርኩም። በር ላይ ስትጠሪኝ ግን መጣች ብዬ ነበር።"

ኣደይ ክፍልህ ባዶ ነው፣ ተመለስ አሉት። አመሰገናቸው። እዚያው ሳይቱ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ማደር ጀምሯል፣ አይመለስም።

የካቲት 22

የረመዳን መጀመሪያ። ኣደይም ጾም ላይ ናቸው። ዛሬ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መጡ። "ይቅርታ ልጠይቅ ከሄድኩበት ይኼ ይቀርባል" አሉኝ። አላስወጡኝም። ገመዱንም አልወሰዱብኝም።

የካቲት 29

የጠሃን ክፍል ሁለት እህትማማቾች ተከራዩት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ትልቋ ዳናይት ትባላለች። ዕቃቸውን ሲያስገቡ በመስኮቴ የሚገባውን ገመድ አይታ ጠየቀችኝ። ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋት፣ ደስ አላት።

"እኛም እንሳብ? ጣራ መውጣት እችላለሁ።"

"ለኣደይ ንገሪ፣ አይከለክሉሽም። ቡሎኑን ግን እንዳትነኪ።"

"ለምን?"

ማለፍ እችል ነበር። ይበላሻል ብል በቃት። ማንም አላስገደደኝም። ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳፋውንም፣ ባጃጁንም ሳልዘል። ታናሿ መጥረጊያዋን አስደግፋ ታዳምጣለች። አንዴም ቀና ብዬ አላየኋቸውም... ግን ጨረስኩት።

ዳናይት "ሰውየውስ?" አለች።

"ደህና ነው። ጁምዓ መስጊድ በር ላይ እንገናኛለን። ሰላም ይለኛል።"

ላፕቶፑን ዘግቼ ዕቃቸውን ማስገባት አገዝኳቸው።