የእታገኝ ዳንቴልና የእኔ ጆሮ

ሰኞ

«ቀጭኑ ያምራል» አለች፤ በቃ። ከሰዓቱን ሙሉ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ቆሜ፣ ስፒከር እያስከፈትኩ እያስዘጋሁ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ ባለቤቴ የፈረደችው በሁለት ቃል ነው።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ቀጭን ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ። ድምፁ ግን ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ሽምብራ። ሌላው ቡናማ የእንጨት ሣጥን ነው። መልኩ አያምርም፣ እኔም አላምርም። ግን ድምፁ! ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማል። ዋጋው የጥንድ በሬ ነው፣ አልክድም። ቀጭኑም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ለመልኩ ነው የሚከፈለው።

ቤቱ ጣሪያ እስኪለብስ፣ ሳሎኑ ሴራሚክ እስኪነጠፍ ስንት ዓመት ጠበቅሁ። የሚያናድደኝ እሷ እንዲህ መሆኗ ነው። ኪራይ ቤት ሳለን በዚያች ትንሽ ሬዲዮ ዘፈን ስንሰማ፣ እኔ አብሬ ሳንጎራጉር «ሳትክ!» እያለች የምታርመኝ እሷ ነበረች። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ የነበረች ሴት! አሁን የምታስበው ዳንቴሏ ከላዩ ላይ ያምር እንደሆነ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ቬንቲሌተሩም ያንኑ ሙቅ አየር ያመላልሰዋል።

እታገኝ አኩርፋለች መሰለኝ። ከኋላዋ ሆኜ ሁለቴ ስለ ስፒከሩ ጠየቅኋት፤ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ ቀኑን ሙሉ የልጆች ጩኸት አሰልችቷት ይሆናል ብዬ ተውኩ። ትንሽ ቆይታ ቴሌቪዥኑን ከፍታ እስከ ጎረቤት አስጮኸችው። ጩኸት ሰልችቷታል አልኩ እንዴ? ሞኝ ነኝ።

ረቡዕ

ለሥራ አጣዬ ሄጄ በዚያው አንድ ሱቅ ገባሁ። ከተማው በግጭቱ ከተቃጠለ በኋላ እንደ አዲስ የተሠራ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት። ሦስተኛ ስፒከር አገኘሁ፦ ዋጋው ደህና፣ ድምፁ ደህና፣ ከላይ ግን ተጭሯል። ይሄማ ዳንቴል የሚሸፍነው ነው ብዬ በደስታ ደወልኩላት።

«አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ነው» ብላ ዘጋችው። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤት ስደውል ጥርት ብሎ ይሰማል። ወዲያው መልእክት ላከች፦ «ቀለሙ ምንድን ነው?»

ቀለሙ! ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ሲመለስ ሚኒባሱ ጀውሃ ምሳ ብሎ ቆመ፤ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

ሐሙስ

ጋሽ ሰይድ ጭቅጭቃችን ሳይሰለቻቸው አልቀረም። «ወላሂ፣ ሁለቱንም ውሰዱና እቤታችሁ ሞክሩት። አማና ነው፤ ቅዳሜ የማትፈልጉትን ትመልሳላችሁ» አሉ። በባጃጅ አመጣኋቸው።

ዛሬ ከሥራ እንደገባን ፈተና አዘጋጀሁ። ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ፣ እንዳይረብሽ። እታገኝን ሶፋ ላይ አስቀመጥኳትና ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት፤ መልኩን ሳታይ በጆሮዋ ብቻ ትምረጥ። የእንጨቱን ከፈትኩ። ከዚያ ቀጭኑን። ገና ዘፈኑ ሳይጋመስ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጭጭ አለ።

እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። በምቱ ልክ ነው እንዳልል ምት የለም። ከዚያ ፈገግ ብላ «አዎ፣ ይኼኛው ይሻላል» አለች።

ይኼኛው የቱ? ምንም አልተከፈተም!

ስታላግጥብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ዓርብ

ቢሮ ተቀምጬ ያ ፈገግታ ከፊቴ አልሄድ አለ። የሚያላግጥ ሰው ፈገግታ አይደለም። ፈተና ላይ ጎረቤቱን አይቶ የጻፈ ተማሪ ፊት ነው።

ቤት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታ ደብተር ታርማለች። «እታገኝ» አልኩ። ዝም። ጠጋ ብዬ፣ ከፍ አድርጌ «እታገኝ!» ዝም። ትከሻዋን ስነካት በርግጋ ዘለለች።

«አትሰሚም?» አልኳት። አፌን አየችው። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን። ከመቼ ጀምሮ ነው አፍ አፌን የምታየው? አብሬያት እየኖርኩ!

አለቀሰች። ከዓመት በላይ ሆኗታል። ግራው ጆሮ ጨርሶ ሄዷል፣ ቀኙም እየደከመ ነው። «ቀስ ብለው የሚያወሩትን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጬ ከንፈራቸውን አነብባለሁ። ከታወቀ ከክፍል ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

«ለእኔስ ለምን አትነግሪኝም?»

«አንተ ጠዋት ማታ ድምፅ ድምፅ ትላለህ። ምን ልበልህ? የሚታየኝን መረጥኩ።»

የተናደድኩት በእሷ ነው፣ በራሴ ነው፣ በዚያ ነጭ ቀጭን ነገር ነው፤ አላውቅም።

ቅዳሜ

ሰኞ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን፣ የጆሮ ሐኪም ጋ። ማዳመጫ መሣሪያ ከታዘዘላት የስፒከሩ ገንዘብ ወደዚያ ይሄዳል። ሐኪሙ ምን እንደሚል እንጃ። ትምህርት ቤቱም ምን እንደሚል እንጃ።

ጠዋት ለጋሽ ሰይድ ሁለቱንም እንደምንመልስ ነገርኳቸው፣ ምክንያቱንም አልደበቅኩም። «ጆሮዋ ይቅደም። የእንጨቱን እኔ አላህ ካለ አቆይላችኋለሁ» አሉ።

ባጃጅ ልጠራ ስወጣ እታገኝ ቆይ አለችኝ። መብራት አለ። የእንጨቱን ሣጥን ራሷ ከፈተችው። ዳንቴሏን ከላዩ አነሳችና መዳፏን አሳረፈችበት። እንጨቱ ከመዳፏ ሥር በምቱ ልክ ይነዝራል።

«ይቺ ያቺ የኪራይ ቤት ዘፈናችን አይደለችም?» አለች። ነበረች። መዳፏን ሳታነሳ፣ ቀስ ብላ ታንጎራጉር ጀመር።

ዜማውን ትንሽ ሳተችው። አላረምኳትም።