መወልወያው በቀኝ እጅህ ነበር

ለአባቴ ለይመር፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ።

ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አልፎ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ይህን የምጽፍልህ ጂዳ አጠገብ ካለው ከሹመይሲ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች ተራቸውን ከሚጠብቁበት አዳራሽ ሆኜ ነው። ወረቀቱን የሰጠኝ አጠገቤ የሚተኛ የሐይቅ ሰው ነው። «ለማን ልትጽፍ ነው?» አለኝ። «ለአባቴ» አልኩት። «በል ሰላም በልልኝ» አለ፤ በሕይወት ያለህ መስሎታል። እንዳላሳፍረው ብዬ እሺ አልኩት። ስለዚህ አስቀድሞ የእርሱ ሰላምታ ይድረስህ።

አባዬ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቼ የሉም። ስተነፍስ ግራ ጎኔ ይወጋኛል። ቀኝ እጄ ግን ደህና ነው። ስለ እጄ ኋላ እነግርሃለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ምክንያት እርሱ ነውና።

የቤታችንን ልንገርህ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል። አንተ የተከልካቸው ባሕር ዛፎች ተቆርጠው ማገር ሆነውለታል። ምንሽርህ ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ እማዬ ማንም እንዳይነካው ስለከለከለች ዝጓል አሉኝ። እማዬ ከቤት አትወጣም። ሰርግ አትሄድም፣ ለቅሶ አትደርስም። ሰደቃህንም አላወጣችም። ምክንያቱን ሳትሰማው ሞተሃልና እኔ ልጻፍልህ፦ በአገራችን «ይመር ራሱን ገደለ» ተብሏል።

ይህን ያለው ከፊልህ፣ ሳውዲ ያሠራህ የነበረው አቡ ናስር ነው። ለፖሊስም ለእኛም የሰጠው ቃል አንድ ነበር፤ «ሽማግሌው ሹዘኑን አገጩ ሥር ደግኖ ምላጩን ሳበ» አለ። ሹዘን የሚሉት ያንን አሮጌ የወፍ ማደኛ ጠመንጃውን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሟቹ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አገራችን «ባርቆበት ነው» ብሎ ያዝንለት ነበር። ባንተ ግን ማን ይመን? ከሦስት ቀበሌ ጠመንጃ ተሸክመው የሚመጡት አንተ ዘንድ ነበር። «ይመርን ጠመንጃ አይባርቅበትም» አሉ። ሙያህ መሰከረብህ።

እኔም አምኜ ነበር፤ ይቅር በለኝ። በዚያ ቀን መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሆቴል በር ላይ የሐጃጆችን ሻንጣ ስሸከም ነበር የጠሩኝ። መካ ላይ አጠቡህ። በሐረም ከሶላት በኋላ የሟቾች ሶላት ሲታወጅ፣ ከየአገሩ የመጣ፣ ስምህን የማያውቅ ሕዝብ ቆመልህ። እንዲህ ያለ ስግደት ለማን ይገኛል ብዬ ልጽናና ሲገባኝ፣ እኔ በሰልፉ መካከል ቆሜ «ለምን እንዲህ አደረግህብን?» እያልኩ በልቤ እወቅስህ ነበር።

ትዝ ይልሃል፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ግቢው ውስጥ ጨርቅ አንጥፈህ ምንሽሩን ስትፈታ? ክፍሎቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ትደረድራቸው ነበር፤ ሲገጠሙ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲመለሱ። «ያላየኸውን ባዶ አትበል» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ገጥመህ ስትሰጠኝ፣ ሳላስበው አፈሙዙን ወደ ደረትህ አዞርኩት። በእጅህ ጀርባ አፈሙዙን መትተህ ወደ ሰማይ አነሣኸው፤ በዚያው እጅ መልሰህ ጉንጬን አጮልከኝ። አለቀስኩ። ቀጥለህ «ባዶም ቢሆን» አልክ።

ከቀብርህ በኋላ አቡ ናስር በቦታህ እንድገባ ጠየቀኝ። ከጂዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ኢስትራሃ፣ ዓርብ ዓርብ ከእንግዶቹ ጋር በሚዝናናበት በዚያ ቅጥር ውስጥ፣ አንተ የተኛህበት ክፍል ተኛሁ፤ አንተ ያጠጣኸውን ቴምር አጠጣሁ። እሺ ያልኩት ደምህ እዚያ ስለፈሰሰ ይሁን ወይስ የምሄድበት ስላጣሁ፣ እስካሁን አላውቅም። ፍርሃት ግን አልተለየኝም። በር ሲገጭ እደነግጣለሁ፣ ድስት ሲወድቅ እደነግጣለሁ። ፖሊስ ሹዘኑን ከመለሰለት ወዲህ ደግሞ ዓርብ በመጣ ቁጥር ከጁምዓ በኋላ በአጥሩ ዙሪያ የሚዞሩትን ውሾች ይተኩስባቸው ነበር። የእኔ ሥራ በእግራቸው እየጎተቱ ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነበር። አንዲቱ ሆዷ ተቀድዶ ሳትሞት ጎተትኳት። እጄን ላሰችው። አቡ ናስር ከወንበሩ ሳይነሣ «ጨርሳት» አለኝ፤ በአካፋ ጨረስኳት።

ከዚያ ጠመንጃው መንቀፍ ጀመረ። አንዴ ይተኩስና ሁለተኛውን ጥይት አላጎርስም ይላል። አቡ ናስር አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝና «አባትህ ጠመንጃ ያውቅ ነበር፤ አንተስ? ለዓርብ አድርሰው፣ ያላ!» ብሎኝ ወደ ጂዳ ሄደ።

አንተን የገደለውን ብረት ታቅፌ ብዙ ተቀመጥኩ። ኋላ ጨርቅ አነጠፍኩ።

አባዬ፣ ይህ ጠመንጃ እንደ ምንሽርህ አይደለም። የእኛን መቀርቀሪያውን ስበህ ታወጣዋለህ፤ በኋላው በኩል በርሜሉን አሻግረህ ወደ ፀሐይ ታያለህ። የዚህ መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ተስቦ ክፍት ሆኖ ይቆማል እንጂ ከቦታው አይወጣም። ስለዚህ በርሜሉን ሳይፈታ ውስጡን ማየት የፈለገ ሰው ያለው መንገድ በአፈሙዙ በኩል ማየት ነው። ሁለተኛም፣ ጥይቱ የሚቀመጠው እንደ ክላሽ ካርታ ከታች ተንጠልጥሎ አይደለም። ከበርሜሉ ሥር ሌላ ቱቦ አለ፤ ጥይቶቹ እዚያ ውስጥ ተሰልፈው ይተኛሉ፣ ከኋላቸው ሽቦ ይገፋቸዋል። እኔም ይህን ያወቅኩት ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን ፈትቼ በርሜሉን ስስብ ነው። አንድ በርሜል መስሎኝ የነበረው ሁለት ነው።

ሽቦው በደረቀ ዘይትና በአሸዋ ተጣብቆ ነበር። ዘይቱ ዓመታት ቆይቶ እንደ ሙጫ ጠጥሯል። የሁለተኛው ጥይት ነገር እዚህ ላይ ተገለጠልኝ፤ ሙጫው ይይዘዋል። ለማረጋገጥ ሳላጥበው መልሼ ገጠምኩት፤ የተተኮሰ ቀለህ በጥይት ልክ ቆርጬ ቱቦው ውስጥ ከተትኩ። መቀርቀሪያውን ስቤ አቆምኩት። ቀለሁ አልመጣም። ጥይቱ የሚጎርስበትን ጎሬ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ባዶ ነው። የሚያይ ሁሉ «ባዶ ነው» ይላል፤ አንተም ትላለህ። ሰደፉን መሬት ላይ አቆምኩና መወልወያውን፣ የበርሜል መጥረጊያውን ዘንግ፣ በአፈሙዙ ከትቼ አንዴ ገፋሁ፣ አንዴ ሳብኩ። በሁለተኛው ግፊት ሙጫው ለቀቀ። ቀለሁ ከቱቦው ዘለለ፣ መቀርቀሪያው በራሱ ተፈናጥሮ ሄዶ አጎረሰው፤ በዚያው ቅጽበት «ጠቅ» አለ።

ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም፤ ሁለቱም እጆቼ መወልወያው ላይ ነበሩ።

ፈትቼ አየሁ። የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን መምቻ ይዞ የሚያቆም አንዲት የብረት ጥርስ አለች። ተበልታ ክብ ሆናለች። መቀርቀሪያው በኃይል ሲዘጋ መምቻውን መያዝ ያቅታታል። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ፤ ስድስቱን ጊዜ ማንም ሳይነካው «ጠቅ» አለ።

ያን ጊዜ ነው አባዬ፣ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩልህ።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። ቱቦውን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ሽቦውን ወለወልኩ፣ በርሜሉን እንደ መስታወት አበራሁት፣ ዘይት ቀባሁ። ያቺን ጥርስ ግን እንደተበላች መለስኳት። አቡ ናስር በደለኛ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ብቻ ስምህን ባጠፋበት አፉ ሥር ይህ ብረት እንዲጮህ ፈለግሁ። ያጎረስኩት ጥይት አልነበረም፣ ዝምታዬን ነው።

ዓርብ መጣ። እትዬ ዘህራን ከጂዳው ቤት ለምግብ ሥራ ይዟት መጣ፤ የወረኢሉዋ ዘህራ፣ አንተ ሳለህም እዚያው የነበረችው። እንግዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አቡ ናስር ጠመንጃውን አገላብጦ አየና «ልጁ ከአባቱ ይሻላል!» ብሎ አሳቃቸው። መቀርቀሪያውን ስቦ አቆመ፤ ሦስት ጥይት በቱቦው ከተተ። ሰደፉን ምንጣፉ ላይ አቁሞ፣ ወደ እንግዳው ዘንበል ብሎ እያወራ፣ መቀርቀሪያውን የሚለቀውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ፈለገ። አፈሙዙ ከጢሙ ሥር ነበር።

አንተን አየሁህ። እንዴት እንደ ተቀመጥክ፣ እንዴት ዘንበል እንዳልክ፣ ሁሉን አየሁት። ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን እኔ አላሰብኩትም። እጄ ሄደ። በእጄ ጀርባ አፈሙዙን መትቼ ወደ ላይ አነሣሁት።

ተኮሰ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ረገፈ፤ መስታወቱ በሁላችንም ላይ ዘነበ። ግማሽ ጢሙ ተቃጥሎ ይሸታል። ጆሮዬ ደም ፈሰሰው። አቡ ናስር ጠመንጃውን እያየ በአረብኛ ጮኸ፤ «ደግሞ በራሱ! እንደዚያን ጊዜ!» አለ።

እንግዶቹ ሰሙ። እትዬ ዘህራ ትሪ እንደያዘች ሰማች። እኔም ሰማሁ። መስማታችንን ሲያይ ነው መምታት የጀመረው። በሰደፉ አፌን አለኝ፤ ወደቅኩ። ጎኔን አለኝ። «ልትገድለኝ ነው የሠራኸው! ልክ እንደ አባትህ እንድሞት!» ይላል፣ ይመታል። ግማሹ እውነት ስለሆነ እጄን ለመከላከል አላነሣሁም። እንግዶቹ ጎትተው ባያነሡት ኖሮ ዛሬ ካንተ ጋር ነበርኩ።

እትዬ ዘህራ ወደ ወጥ ቤት ወስዳ ራሴ ላይ ውሃ አፈሰሰችበት። «አንተ ልጅ፣ ጥርስህን ትፋው እንጂ አትዋጠው» አለችኝ። ተፋሁት። ልብሴን እያጠበች፣ ፊቴን ሳታይ ነገረችኝ፤ አንተ ከመሞትህ ከወር በፊት ይኸው ጠመንጃ አቡ ናስር ግድግዳ ላይ ሲያስደግፈው ተኩሶ በግ ገድሎበት ነበር፤ ላንተ ሲሰጥህ ግን ምንም አልነገረህም። «እኔ ነኝ ቀድሜ የደረስኩት» አለች፤ «ጋሽ ይመር በግራ እጁ ጨርቁን፣ በቀኝ እጁ መወልወያውን ይዞ ነበር። ራሱን የሚገድል ሰው መወልወያ ይይዛል? አቡ ናስር ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ከእጁ ሊፈለቅቅ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልለቅ ቢሉት በጫማው ረግጦ አስለቀቃቸው።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ማዳም፣ ሚስቱ፣ ‹ተንፍሺና ተርሂል ነሽ፣ ወደ አገርሽ ትባረሪያለሽ› አለችኝ። ሦስት ልጅ ጥዬ የመጣሁ ሴት ነኝ።» ልብሴን ጨምቃ አሰጣችው። «አሁን ግን በቃኝ፣ ኸላስ። ለእናትህ እኔው ራሴ እደውላለሁ።»

አቡ ናስር በዚያው ቀን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለኝ መሆኑን አመልክቶ አስወሰደኝ። ወደዚህ የመጣሁት እንዲህ ነው።

ትናንት የስልክ ተራ ደረሰኝና እማዬን አገኘኋት። ዘህራ ቀድማኝ ደውላላታለች። እማዬ ስለ ጥርሴ አልጠየቀችኝም፤ ስለ አቡ ናስርም አልጠየቀችኝም። «መወልወያውን በየትኛው እጁ ነበር የያዘው?» አለችኝ።

«በቀኙ።»

«በቀኙ ነበር የሚወለውለው» አለች። «በል ቶሎ ና። እህሉን ወደ ወፍጮ እሰዳለሁ፤ ሰደቃው ያላንተ አይወጣም።»

አባዬ፣ ወደ አገሬ የምመለሰው ባዶ እጄን ነው። ማስረጃ የሚሆን ብረት አልያዝኩም፤ ያለኝ የዘህራ ቃልና የእኔ መሐላ ነው። ያላመነ ይኖራል። ነገር ግን የሰደቃህ ዕለት ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት፣ ምንሽርህን ከምሰሶው አወርዳለሁ። ግቢው ውስጥ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ክፍሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እደረድራለሁ፤ ዝገቱን እያጠብኩ የሆነውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ዝም ብዬ የገጠምኩትንም ጭምር።

ያቺን የብረት ጥርስ ለምን እንደተውኳት አላህ ይጠይቀኛል። የሰውየውን ነፍስ ያተረፍኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ እንዲሞት ፈልጌ ነበር። ያተረፈው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ግቢያችን ውስጥ ያስተማርከው እጅ ነው። ስለዚህ እንደ ሌላው ሰው «አልረሳህም» ብዬ አልምልልህም። ልቤ አንድ ጊዜ ረስቶህ ነበር፤ በሐረም ቆሜ ወቅሼሃለሁ። እጄ ግን አልረሳህም፣ አይረሳህምም።

ባዶም ቢሆን።

ልጅህ ሰይድ