መምህርት አየሁሽ ሽታሁንና ብርድ ያላገኘው ስንዴ

መምህርት አየሁሽ ሽታሁን ከአባታቸው ከአቶ ሽታሁን ፋንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ገብረ ሚካኤል በ1966 ዓ.ም. ቢቸና ተወለዱ። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሏል አሉ። ያው ጎረቤት ነው በኋላ ቡዳ ያላቸው፤ እንደርስበታለን።

በ1988 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው እዚያው ቢቸና ማስተማር ጀመሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። ያጠኑት ተክል እንዴት እንደሚያድግ ነው። ክፍል ሲገቡ ቃል የጻፉበትን ረጅም ጥብጣብ እንደ ልቃቂት ጠምጥመው "እስቲ አንብቡት" ይላሉ። ማን ያነባል! "ተክል ውስጥም እንዲሁ ነው። መመሪያው ያለው በተጠቀለለ ክር ላይ ነው፤ ክሮማቲን ይባላል። የሚያጠብቁትና የሚያላሉት ፕሮቲኖች አሉ። ካልላላ አይነበብም፤ ካልተነበበ ተክሉ ማበቡንም አያውቅ።" የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ገብቶታል። ለትልልቆቹ ነው የከበደው።

በ2000 ዓ.ም. የአባታቸው የአጎት ልጅ አቶ ሰማው ጓዴ ደጀን ላይ ከአንድ ነጋዴ የውጭ ስንዴ ገዙ። መምህርት አየሁሽ የከረጢቱን ጽሑፍ አነበቡና "ጋሼ፣ ይሄ የበረዶ አገር ዘር ነው። 'ራስ አውጣ' የሚለው ክሩ የሚላላው ሳምንታት ሙሉ ብርድ ሲያገኝ ነው። እዚህ ሣር ሆኖ ይቀራል፤ አይዝሩት" አሏቸው።

"ስንዴው ብርድ ናፈቀኝ ብሎ ነገረሽ?" አሉ አቶ ሰማው። ሰው ሳቀ። ተዘራ።

እስከ ኅዳር ለምለም ሣር! አንድ ራስ የለም። ለከብት ታጨደ። ሰው እዚህ ላይ ያፍራል አይደል? "ቡዳ ናት፤ ምላሷ ነው የበላው" ተባለ እንጂ። እጮኛቸውም ቀለበቱን በሰው እጅ መለሱ፤ የእሳቸውን ስም እዚህ ማተም ቀለም ማባከን ነው። መምህርት አየሁሽ ከዚያ ወዲያ አላገቡም።

በ2001 ዓ.ም. ሞጣ ተዛውረው ከእህታቸው ከወይዘሮ ወይንእሸት ጋር መኖር ጀመሩ። ከዚያ ከረጢት የቀረውን እፍኝ ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በእህታቸው ሱቅ የለስላሳ ፍሪጅ ሰባት ሳምንት አቆዩት። እሱን በአንድ የዘይት ቆርቆሮ፣ ፍሪጅ ያልገባውን በሌላ ቆርቆሮ ዘሩ። የፍሪጁ ራስ አወጣ፤ ያኛው ሣር ሆነ። "ኑና እዩ" ብለው ቢቸና ላኩ። ካሳ አልጠየቁም፤ የፈለጉት ስማቸው እንዲመለስላቸው ብቻ ነበር። የመጣ የለም። ከአቶ ሰማው የመጣው መልስ "ፍሪጅ ውስጥ ምን መድኃኒት እንደከተተች ማን ያውቃል" የሚል ነው። ሰባት ሳምንት የታሰበበት እውቀት፣ በሰባት ቃል ተሸኘ!

እሳቸው ግን በየዓመቱ እያቀዘቀዙ እየዘሩ አንድ ቁና ሞሉ።

በ2009 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው ጥር 26 ቀን 2010 ዓ.ም. በ44 ዓመታቸው ዐረፉ። ወላጅ እናታቸው፣ እህታቸው፣ ሁለት የእህት ልጆችና ጥብጣቡን የፈቱ ብዙ ተማሪዎች ያለቅሱላቸዋል። ዘርን ከነክሩ የጠቀለለ አምላክ ነፍሳቸውን ሐሜት በማይደርስበት ያሳርፍልን።

"የቀብሬ ንፍሮ ከቁናው ይሁን" ብለው ነበር፤ ዛሬ ከቀብር መልስ የሚታደለው እሱ ነው። አቶ ሰማው ቀድመው እጃቸውን ይዘርጉ። ሳያላምጡ እንዳይውጡት ብቻ፤ አሥር ዓመት የጠበቀ ስንዴ ነው።