አንድ አበባ ተኩል

የዳንቴል ጓደኛዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ፤ ያየሁትን ጉድ ግን ሳልነግርሽ አላድርም።

የአየር ማረፊያዋ ፈታሽ ኪሮሼን አገላብጣ አይታ ስትመልስልኝ ደስ ብሎኝ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ የእህቴን የትራስ ልብስ ጀመርኩ። በረራው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው ሲሉኝ ወሬ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት እያቃሰተ የሚወጣውን ያን ተራራ ታውቂው የለ? ከክንፉ ሥር እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ተኝቷል! በመዳፌ ዳበስ አድርጌ የማቃናው መሰለኝ። ክሬን ሳብ አድርጌ ቀና ስል ተራራው የለም፤ አልፈነዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት፣ «ልጄ፣ ዝንብ እንዳይገባ» ብለው ሳቁብኝ።

ልናርፍ ነው ሲባል ጭኔ ላይ ያለውን ሥራ ባየው አንድ አበባ ተኩል ብቻ ነው። በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ፣ አንድ አበባ ተኩል!

እህቴ በሩን ከፍታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አለችኝ። «ሩቅ ነው» እያልኩ የቀረሁባት ዓመት ሁሉ ትዝ አለኝና ሃምሳ አምስት ደቂቃ ማለት አፈርኩ። «አሥራ አንድ ዓመት» አልኳት።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ዶሮዎቼን አደራ። አንቺም «ሩቅ ነው» የምትይውን የወንድምሽን ከተማ የአውሮፕላኑን አስተናጋጅ ጠይቄልሻለሁ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው አለችኝ። ሁለት አበባ ቢሆን ነው። ክር አታብዢ።