አግዳሚ ያልነበረው መሻገሪያ

ጥር 6

ዛሬ አሥራ አንድ ጣሪያ። የቸኮሌት ብርማ ወረቀት ማበጠሪያ ላይ ሲጫኑት ቁጭ ቆርቆሮ! ዝገቱን በሻይ ውኃ ቀባሁት።

ጠዋት ላቦራቶሪ የሰው ጥርስ፣ ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ የጥፍር ቁመት ያላቸው ሰዎች። አዲሱ የመንገደኞች አዳራሽ መሃል ስድስት ሜትር ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የድሮው መስመር በአነስተኛ ሞዴል ተሠርቶ፣ ትንንሽ ባቡሮች በኤሌክትሪክ ሊሄዱበት ነው። ሐዲዱ የኤሌክትሪሺያኑ፣ ቤቱ፣ ኮረብታው፣ ዛፉና ሰዉ የኔ። ሲጠሩኝ ፈርቼ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ጥርስ የሠራ እጅ ቤት ይሠራል ወይ? ይሠራል። ጀሶው ያው ጀሶ፣ ሰሙ ያው ሰም፣ ወረንጦው ያው ወረንጦ። እንዲያውም ቤቶች አፋቸውን ከፍተው አያቃስቱም።

ጥር 9

ኮረብታው ቆመ። ጋዜጣ ጨምድጄ ከምሬ፣ በጀሶ የተነከረ ፋሻ አለበስኩት። ኤሌክትሪሺያኑ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ይሄ ኮረብታ እግሩን ነው የተሰበረው?" አለ። ሳቅሁ። ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ጋሽዬ ትዝ አለኝና ሳቄን አቋረጥኩ።

ጥር 14

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የኛን ሰፈር መሻገሪያ ሥዕል አመጣ። "ከረባት" ነው የምንለው፤ በዚህ ሙቀት እንኳ አያወልቃትም። መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ባቡር ሲመጣ ወርዶ መንገዱን የሚዘጋ ቀይና ነጭ አግዳሚ ተሥሏል።

"ይሄ አልነበረም" አልኩ።

"መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ ነበር። ፋይሉ ይላል።"

"እኔ እኮ እዚያ ነው ያደግሁት።"

"እኔ ደግሞ ፋይሉን ነው ያነበብኩት፣ እህቴ።"

እህቴ! በየትኛው አባት?

የምንሠራው የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት የነበረውን ነው፤ መስመሩ ሃምሳ ዓመት የሞላበትን ዓመት። ያን ዓመት ታላቅ ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በብስክሌት ዳቦ ያደርሳል። ንጋት ላይ ጉም ነበር፣ ኩርባውን ዛፍ ጋርዶታል። ባቡሩ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወሰደው። መሥሪያ ቤቱ የጻፈው አንድ መስመር... "በተዘጋ አግዳሚ ሥር ሾልኮ ሲያልፍ።" ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስሙን ረሳው። "ሾልኬ" ሆኖ ቀረ።

የምን አግዳሚ? አሥር ዓመቴ ነበር፣ በየቀኑ እሻገረዋለሁ፤ አግዳሚ ያየሁት ከአደጋው በኋላ ነው። ለማን ብናገር፣ "ልጅ ነሽ፣ ረስተሽው ነው።"

አልሠራውም። የወለቀ ጥርስ እሠራለሁ። ያልነበረ ጥርስ ግን ሠርቼ አላውቅም።

ጥር 15

ጋሽዬ ሱቅ ሄድኩ። ሰዓት ሠሪ ነው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ሰማኝ።

"ተይው፣ ሚጣ።" አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ እሱ ዘንድ አሁንም ሚጣ ነኝ።

"እንዴት ነው የምተወው?"

"የአሻንጉሊት ባቡር ነው። ሰው አይገጭ።"

"ልጆች ያዩታል እኮ። እንዲህ ነበር ይላሉ።"

"ይበሉ። እግሬ እንደሁ አይበቅል።"

አልተናደደም። ሾልኬ ሲሉት ዞሮ "አቤት" ይላል። እኔ ነኝ የምቃጠለው። ለምንድን ነው እሱ የማይቃጠለው?

ጥር 23



ከረባት አንድ ካርቶን የድሮ ፎቶ ላከልኝ፣ የቤቶቹን ቀለም እንዳይበት። ከሥር አካባቢ አንድ ፎቶ... አራት ሰዎች ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አጠገባቸው ረጅም ግንድ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ሁለት ቀለም እያፈራረቁ የቀቡት። ኩርባውን አወቅሁት። ዛፎቹን አወቅኋቸው። ገለበጥኩት። በቀለም ብዕር፦ "የመጀመሪያው አግዳሚ ሲተከል። ሚያዝያ 11።" ዓመቱም አለ።

ጋሽዬ የተገጨው የዚያው ዓመት ሚያዝያ 3 ነው።

ስምንት ቀን!

ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም። መልሼ ገለበጥኩት። ከአራቱ አንዱ አካፋ ይዞ ጎንበስ ብሏል፣ ባርኔጣው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ማጉያዬን አወጣሁ።

አባባ ነው።

የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር አባባ። እስኪሞት ድረስ ሰው ሲጠይቀው፣ "ልጄ ቸኩሎ ነው" ይል ነበር።

ጥር 24

ምንም አልሠራሁም። ሁለት ዛፍ ሰበርኩ።

ጥር 26

ፎቶውን ጋሽዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ማጉያውን አወለቀ።

"ታውቅ ነበር?"

"ራሱ ነው የነገረኝ። ሆስፒታል መጥቶ። ጥፍሩ ውስጥ አፈሩ ነበረ።"

ከዚያ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ አድርጎ ነገረኝ። የአባባ አለቆች፦ ወይ አግዳሚ ነበር ብለህ ትፈርማለህ፣ ወይ ቤቱን ትለቃለህ። ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። አምስት ልጆች ነን፣ እማማ ስድስተኛውን አርግዛለች። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ "ምን ላድርግ ልጄ?" አለው። ጋሽዬ፣ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ፣ "ፈርም" አለው።

"ለማንም ትንፍሽ አልልም ብዬ ቃል ሰጠሁት። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሚጣ? አንቺ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብሽ።"

እኔ። እዚያ ቤት አጥንቼ ነው ሙያ የያዝኩት። እሱ ሾልኬ እየተባለ።

አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። በአባባ ልናደድ ሞከርኩ... እምቢ አለኝ። አካፋው ላይ የጎበጠው ወገቡ ዓይኔ ላይ እየመጣ።

"አሁን ቤቱም የለም፣ አለቆቹም የሉም" አልኩት።

"ቃሉ ግን አለ።"

"እሺ። አንተ ቃልህን ጠብቅ። እኔ ለማንም ቃል አልሰጠሁም።"

ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። "ስትወጪ በሩን ዝጊው፤ አቧራ ይገባል።"

የካቲት 3

አልሠራም ብል ሌላ ሰው ጠርተው ያስተክሉታል። ስለዚህ እሠራዋለሁ! እንደ ፎቶው። አግዳሚው መሬት ላይ። አራት ሰው፣ አራት አካፋ፣ ጉድጓዱ። አጠገቡ ትንሽ ሰሌዳ፦ የፎቶው ጀርባ ጽሑፍ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ ከነቀኑ። ፋይሉ ይላል አይደል? ይበል እንግዲህ!

የካቲት 8

አባባን በሰም ሠራሁት። የመጀመሪያው ጀግና መሰለ፣ አቀለጥኩት። ሁለተኛው ሌባ መሰለ፣ እሱንም። አራተኛው ላይ አንድ የደከመ ሰው ወጣ። እሱ ነው።

የካቲት 21

ከረባት መጣ።

"አግዳሚው ለምን ወደቀ?"

"አልወደቀም። ገና አልተተከለም።"

ሰሌዳውን አነበበ። ደግሞ አነበበ። "ይሄ ከየት መጣ?"

"እርስዎ ከላኩልኝ ካርቶን።" ዋናውን ፎቶ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሦስት ቅጂ ቤቴ አለ፤ እሱንም ነገርኩት።

"ሰው ጥያቄ ያነሳል።"

"ያንሳ።"

"ስሚ፣ ይሄ ካልተነሳ ከዚህ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ሥራ አታገኚም።"

"ጥርስ አለኝ" አልኩት።

ኤሌክትሪሺያኑ ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ሲስቅ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ውጪ ስወጣ ግን የሚቀርብኝን ገንዘብ አሰላሁ። ቢሆንም አላነሳውም። አላነሳውም!

የካቲት 29

ነገ ምረቃ ነው። ከረባት ጠዋት ገብቶ ኤሌክትሪሺያኑን "ንቀለው" አለው። እኔ በጥርስ ሲሚንቶ ነው የለጠፍኩት፤ ሰው ሠላሳ ዓመት ቢያኝክበት የማይነቃነቀው። ኤሌክትሪሺያኑ ጎንበስ አለ፣ በቢላ ነካ ነካ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ይነቀላል። ግን ሐዲዱን ይዞ ነው የሚነሳው። ነገ ባቡሩ አይሄድም።"

"በጨርቅ ሸፍነው!"

"መሃል መንደር ላይ ጨርቅ? ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው እሱን ነው።"

ከረባት በሩን ደርግሞት ወጣ። "እውነት ሐዲዱ ይነሳል?" ብዬ ጠየቅሁት። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን እየጠቀለለ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ እንዴ?" አለኝ። ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

የካቲት 30

ጋሽዬን አልጠራሁትም ነበር። ንግግሩ አልቆ ባቡሮቹ መሄድ ሲጀምሩ የክራንቹን ድምፅ ሰማሁ። ኮቱን ለብሷል። ሰው እየገፋ ሳይሆን ሰው እያሳለፈ መጣ፤ እንደ ልማዱ። መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን ማየት ፈራሁ።

አጠገቡ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ነበረች። "እነዚህ ደግሞ ምን እየቆፈሩ ነው?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲያው።

እኔ አፌን ከፈትኩ... ከዚያ ዘጋሁት። መልሱ የኔ አይደለም።

"አግዳሚ ሊተክሉ ነው" አለ ጋሽዬ።

"ከዚያ በፊትስ?"

"አልነበረም።"

ሴትዮዋ ሰሌዳውን አነበበች። ወደ እሱ ዞረች። ክራንቹን አየች፣ የታጠፈውን ሱሪ አየች።

"እኔ የተሻገርኩት ከዚያ ስምንት ቀን ቀድሞ ነው" አለ። አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። ሰው ዞረ። ከረባትም ዞረ። ጋሽዬ ጣቱን ዘርግቶ ባርኔጣውን ወደ ኋላ የገፋውን ሰው አሳየ። "ይሄ አባቴ ነው። እያለቀሰ ነው የቆፈረው። አግዳሚ ነበር ብሎ እንዲፈርም ያስገደዱት አለቆቹ ናቸው፣ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይበቃል።"

ባቡሩ አለፈ። ማንም ባቡሩን አላየውም።

መጋቢት 7

ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣልኝ፤ "ያለ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ" ይላል። ሌላው ሥራ ቀርቷል። ይቅር።

ጋሽዬ ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘጋና ቤቴ መጣ። ከኮቱ ኪስ ሦስት ገጽ አወጣ። ማመልከቻ ነው። የመዝገቡ ቃል ይታረም ይላል፤ ቀኑ፣ ጉሙ፣ ብስክሌቱ፣ ፎቶው፣ የአባባ ፊርማ እንዴት እንደመጣ፣ ሁሉም አለ። ሳነብ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም።

"ፊደል ተሳስቼ እንደሁ እዪልኝ" አለ።

አንድ ቦታ ተሳስቷል። አልነገርኩትም።

መጨረሻው ላይ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጽፏል፤ ብዕሩን ከመጫኑ የተነሳ ወረቀቱ ከጀርባ አብጧል። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ አብረን እናስገባለን።