የጉሊዛር ክፍል ማሞቂያ

ኤርዙሩም፣ ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

የዓይኔ ብርሃን ልጄ ሻዲዬ፣

ትናንት መላውን የኤርዙሩምን ከተማ ከብርድ ያዳንኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ ከተማውን ተይው፤ ሕንፃችንን። እሺ በቃ፣ አንዲት ክፍል! ግን የእናትሽ ክፍል ስለሆነች ከከተማ አታንስም።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው፤ ጎረቤት አላስቸገርኩም። ማታ ትምህርት ግባ ብለሽ የነዘነዝሽኝ አንቺ ነሽና ዕድሜ ይስጥሽ። መምህርታችን "አባባ ባሃቲን፣ ፊደልዎ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል" ትለኛለች እንጂ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ።

እናትሽ፣ ጉሊዛሬ፣ ትናንት ጠዋት ከሆስፒታል ወጣችልኝ። ሐኪሙ "ሳንባዋ ገና አልጠናም፤ ብርድ እንዳይነካት" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ቤት ስንገባ ግን የእሷ ክፍል ማሞቂያ ከታች ትኩስ፣ ከላይ በረዶ! ውስጡ የታፈነው አየር ሙቅ ውሃውን አላሳልፍ ብሎ እንደ ተነፋ ሆድ ያጉረመርማል። በየመኸሩ አየሩን የምታስወጪለት አንቺ ነበርሽ፤ ዘንድሮ ማንም ትዝ አላለውም። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራርቤላት እንኳ ትንቀጠቀጥ ነበር።

አየሩ በዱላ የሚወጣ መስሎኝ ቧንቧውን በጭልፋ ወቀጥኩት። ለካስ እዚህ ሕንፃ ቧንቧ የሚመታው የሚንጫጫ ጎረቤትን ዝም ለማሰኘት ነው! ከላይኛው ፎቅ ያለችው ነዛኬት ሊጥ የተለጠፈበት እጇን እንደዘረጋች ወርዳ በሩን በክርኗ ደበደበችው።

"ምን አደረግኩህ አንተ ሰውዬ? ሊጥ ማቡካትም ነውር ሆነ?"

"አንቺን አይደለም፣ ማሞቂያውን ነው!"

"ማሞቂያ በጭልፋ ይገረፋል? አየር ማስወጫ ቁልፏ የታለች?"

ትንሿን ቁልፍ አንቺ መስኮቱ ጋ ካንጠለጠልሽበት አወረድኳት። ነዛኬት ሳህን ደገነች፤ እኔ ከጎን ያለችውን ብሎን ፈታሁ። ሽሽሽ አለ።

"ውሃው ሲመጣ ቶሎ ዝጋ!"

"ለእኔ ነው የምትነግሪው?" ብዬ ዞር ከማለቴ ጥቁር ውሃ ተፈናጥሮ የእናትሽን ዳንቴል አበላሸው።

እናትሽ ከብርድ ልብሶቹ ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ጀግናዬ! አሁን የቀረህ እኔን ማጠብ ነው" አለች። ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ሳሉ ሲለቃት ደግሞ መልሳ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ማሞቂያው እስከ ጫፉ ጋለ፤ አንዱን ብርድ ልብስ በእግሯ ገፍታ ጣለችው። ነዛኬትም ማምሻውን ትኩስ ሾርባ ይዛ ተመለሰች፤ አላህ ጓዳዋን ይሙላላት።

እናትሽ "መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሥራዋን ትታ እንዳትመጣ" ብላሻለች።

ልጄ፣ ያቺን ቁልፍ የሰቀለች እጅሽ አትዛል። በሰው አገር የምታንኳኪው በር ሁሉ በፈገግታ ይከፈትልሽ።

አባትሽ ባሃቲን

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት መልሼ ሳነበው አንዷ ነገር ከበደችኝ። ጭልፋውም ዳንቴሉም እውነት ነው። "እንዳትመጣ" የሚለውን ግን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ያለችኝ፣ "የሻዲዬ ክፍል ማሞቂያም አየሩ ይውጣለት፤ ስትመጣ እንዳይበርዳት" ነው።

አውጥቼዋለሁ። ሞቋል።