እጇን አጣምራ ጠየቀችኝ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷን ያዘች። እናታችን እኛን እንዳሳደገችን በቁንጥጫም በግልምጫም ስላሳደግኳት፣ ይኸው ለትልቅ ሰው ብድግ ትላለች፤ እኔንም አንቱ ትለኛለች።

የአባቷን አዲሷን ሚስት፣ ያቺን ፀጉር ሠሪ ግን አንቺ ነው የምትላት። በስልክ ሲያወሩ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ይህ ብልግና ነው እንጂ ፍቅር ነው?

ትናንት እጇን አጣምራ፣ "እማዬ፣ ከፈቀዱልኝ እነሱ ጋ ሁለት ሳምንት ልሰንብት?" አለችኝ። በዚህ ጨዋነት ስትጠይቀኝ ምን ብዬ ልከልክላት?

ዛሬ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ በዚህ ሙቀት የብርድ ሹራቧንም ጨመረች። እኔው አጣጥፌ አቀበልኳት።

ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ታናሽሽ